የዕውቀት ዋጋ፤ የሕንዱ ኬሚስት ፕራፉላ ቻንድራ ራይ የደመወዝ ጥያቄ

(በሬዲዮ ከተሰጡ የታሪክ ንግግሮች የተወሰደ)

የታሪክን መጽሐፍ ስንገልጥ ብዙ ጊዜ የምናገኘው የነገሥታትን ድል፥ የጦር አበጋዞችን ጀብዱና የመልእክተኞችን ውል ነው። ዳሩ ግን የአንድ መንግሥት ጠባይ ከጦር ሜዳው ይልቅ በደመወዝ መዝገቡ ላይ ጐልቶ የሚታይበት ጊዜ አለ። ማን ስንት ይከፈለዋል? ስለ ምን ይከፈለዋል? ሥራው ሲበዛበትስ ዋጋው አብሮ ያድጋልን? እነዚህ ጥያቄዎች ላይ ላዩን ሲያዩአቸው ትንንሽ ይመስላሉ፤ ነገር ግን መንግሥቱ ሰውን የሚመዝንበትን ሚዛን ወለል አድርገው ያሳያሉ። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የምናወሳላችሁ በሕንድ አገር በእንግሊዝ ቅኝ መንግሥት ሥር ያገለግል ስለ ነበረ አንድ የኬሚስትሪ ሊቅ ነው። ደመወዙን ለምን እንደ ጠየቀ፥ ምን መልስ እንዳገኘ፥ ከመልሱም በኋላ ምን እንደ ሠራ እንመለከታለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በ19ኛው መቶ ዓመት መንግሥታት ኬሚስት መቅጠር የጀመሩት ለዕውቀት ፍቅር ሲሉ ብቻ አልነበረም። በመርዝ ሞተ ስለ ተባለ ሰው ለዳኛ ማስረጃ የሚሰጥ፥ የመጠጥ ውሃን ንጽሕና የሚመረምር፥ በገበያ የሚሸጠው ዘይትና ቅቤ ከባዕድ ነገር ጋር መደባለቁን የሚያጋልጥ፥ የወርቅና የብር ገንዘብን ጥራት የሚፈትን ሰው ስላስፈለጋቸው ነው። ከዚህም የተነሣ ኬሚስቱ ባለበት ስፍራ ሁሉ ሥራው እንደ ክረምት ወንዝ እየሞላ ሄደ። በካልኩታ፥ ዛሬ ኮልካታ በምትባለው ከተማ፥ ይህ ነገር ገና ከመጀመሪያው ታይቷል። ከአየርላንድ የመጣው ሐኪም ዊልያም ኦሾኔሲ በ1835 በካልኩታ የሕክምና ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህር ሆነ። ማስተማሩ ብቻ አልበቃም፤ ለመንግሥት የመርዝ መርማሪ ሆነ፤ በገንዘብ መቅረጫው ቤትም የማዕድን ጥራት ፈታኝ ሆነ፤ በመጨረሻም በ1852 የመላውን ሕንድ የቴሌግራፍ ሥራ እንዲመራ ተሾመ። አንድ ሰው፥ አራት ሥራ!

ሥራው እየበዛ ዋጋው ባለበት የሚቆምበት ነገር በቅኝ አገር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ጄምስ ማርሽ የሚባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት በለንደን አጠገብ በዉልዊች በሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ይሠራ ነበር። በ1836 እጅግ ጥቂት የሆነውን የአርሴኒክ መርዝ እንኳ ከሞተ ሰው ሆድ ዕቃ ውስጥ ለይቶ የሚያሳየውን ታላቅ ብልሃት ለዓለም ገለጠ። ከዚያ በፊት በመርዝ የገደለ ሰው ማስረጃ እየጠፋ በነፃ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በብዙ አገር ያሉ ዳኞች የማርሽን ፈተና መመኪያ አደረጉት። ይህ ሰው በሳምንት 30 ሺሊንግ ብቻ ይከፈለው እንደ ነበረ፥ በ1846 ሲሞትም ሚስቱንና ልጆቹን በችግር ላይ ጥሎ እንዳለፈ የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ይናገራሉ። እንግዲህ በእናት አገሩ ላይ እንዲህ ከሆነ፥ በቅኝ አገር ደግሞ በዚህ ላይ አንድ ሌላ ክብደት ተጨመረበት፤ ይኸውም የተወለዱበት ዘር ነው። የራይን ታሪክ ልዩ የሚያደርገው ይህ ሁለተኛው ክብደት ነው።

ፕራፉላ ቻንድራ ራይ በ1861 በቤንጋል ክፍል ራሩሊ በምትባል መንደር ተወለደ፤ ይህች ስፍራ ዛሬ በባንግላዴሽ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። አባቱ ሃሪሽ ቻንድራ ባለ ርስት ነበረ፤ ፋርስኛና እንግሊዝኛ ያነበበ፥ በቤቱ ብዙ መጻሕፍት የሰበሰበ፥ በመንደሩም ትምህርት ቤት ያቆመ ሰው ነበር። በ1870 ልጆቹ የተሻለ ትምህርት እንዲያገኙ ብሎ ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ካልኩታ ገባ። ፕራፉላ ገና በልጅነቱ ብርቱ የተቅማጥ በሽታ ይዞት ከትምህርት ቤት ለረዥም ጊዜ ቀረ። ሌላው ልጅ ቢሆን ይህን ጊዜ በከንቱ ባሳለፈው ነበር፤ እርሱ ግን የአባቱን መጻሕፍት ከመደርደሪያው እያወረደ ሲያነብ ከረመ። በሽታው ሰውነቱን እስከ ዕድሜ ልኩ አደከመው፤ የንባብ ፍቅሩ ግን አብሮት ቀረ።

ወደ ከፍተኛ ትምህርት ሲደርስ በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ እንግሊዛዊው አሌክሳንደር ፔድለር የሚሰጠውን የኬሚስትሪ ትምህርት ለመስማት ይመላለስ ነበር፤ የዚያ መምህር የሙከራ ጥበብ ልቡን ማረከው። ከመላው ሕንድ የመጡ ተማሪዎች የሚወዳደሩበትን የጊልክሪስት ሽልማት በ1882 አሸንፎ ወደ ስኮትላንድ ሄዶ ኤዲንበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም ስሙ በተጠራው በፕሮፌሶር አሌክሳንደር ክረም ብራውን ሥር ተምሮ በ1885 የመጀመሪያውን፥ በ1887 የሳይንስ ዶክቶርነትን ማዕረግ ተቀበለ። የሆፕ ሽልማት የተባለውንም አግኝቶ አንድ ዓመት ጨምሮ ቆየ፤ የዩኒቨርሲቲው የኬሚስትሪ ማኅበርም ምክትል ፕሬዚደንት እንዲሆን መረጠው። ልብ በሉ፤ እንግሊዞች ራሳቸው ያስተማሩት፥ ራሳቸው የፈተኑት፥ ራሳቸው ማዕረግ የሰጡት ሰው ነው። ስለ ዕውቀቱ የሚነሣ ክርክር አልነበረም።

ክርክሩ የተነሣው ሥራ በጠየቀ ጊዜ ነው። በዚያን ዘመን የሕንድ መንግሥት ሥራ እንደ ሁለት ፎቅ ቤት የተሠራ ነበር። ላይኛው ፎቅ ለንደን ተቀምጦ የነበረው የሕንድ ጉዳይ ሚኒስቴር የሚሾምበት ነው፤ በዚያ የሚገቡት ከጥቂቶች በቀር እንግሊዞች ነበሩ። ታችኛው ፎቅ ደግሞ በሕንድ ውስጥ ባሉ የክፍለ አገር አስተዳዳሪዎች የሚቀጠሩበት ነው፤ ለአገሬው ተወላጅ የተተወው ይህ ነበር። በ1886 የተቋቋመ አንድ የመንግሥት ኮሚሲዮን ይህን ነገር ከመረመረ በኋላ መለያየቱ ደንብ ሆኖ እየጸና ሄደ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ዐይነት ትምህርት ያስተምሩ፥ አንድ ዐይነት ማዕረግ ይኑራቸው፤ ደመወዛቸው ግን አንድ አልነበረም። ራይ ከኤዲንበርግ ሳይመለስ በላይኛው ፎቅ ለመግባት በለንደን ደጅ ጠና፤ መምህራኑም የምስክር ደብዳቤ ጻፉለት፤ ነገር ግን አልተሳካለትም።

በ1888 ወደ አገሩ ተመለሰ። ከተመለሰም በኋላ አንድ ዓመት ያህል ያለ ሥራ ተቀመጠ። በመላው ቤንጋል እንደ እርሱ የኬሚስትሪ ዶክቶር የሆነ ሰው በቀላሉ በማይገኝበት ጊዜ፥ ዶክቶሩ ሥራ ፈትቶ በወዳጆቹ ቤት ይኖር ነበር። የአባቱም ሀብት በዚያ ጊዜ ተመናምኖ ቤተ ሰቡ በዕዳ ተይዞ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል፤ ስለዚህ የደመወዝ ነገር ለእርሱ የክብር ጥያቄ ብቻ ሳይሆን የኑሮም ጥያቄ ነበር። በመጨረሻ በሐምሌ ወር 1889 በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ጊዜያዊ ረዳት ፕሮፌሶር ሆኖ በወር 250 ሩፒ ተቀጠረ።

ራይ ዝም ብሎ አልተቀበለም። የቤንጋል የትምህርት ዳይሬክተር ሰር አልፍሬድ ክሮፍት ወዳሉበት ወደ ዳርጂሊንግ፥ ሹማምንቱ የበጋውን ሙቀት ሸሽተው ወደሚሰነብቱበት ተራራ፥ ወጥቶ አቤቱታውን በፊታቸው አቀረበ። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ የእርሱን ያህል የተማረ እንግሊዛዊ ለዚህ ሥራ ቢቀርብ ኖሮ ከለንደን በላይኛው ደረጃ ይሾም ነበር፤ እርሱ ግን ሕንዳዊ በመሆኑ በታችኛው ደረጃ ተወረወረ። ይህ ትክክል ነውን? ብሎ ጠየቀ። ራይ በሕይወት ታሪኩ እንደ ጻፈው፥ ዳይሬክተሩ በዚህ ንግግር ተቈጥተው በዓለም ላይ ሌላም ብዙ የእንጀራ መንገድ እንዳለ፥ ይህን ሥራ ተቀበል ብሎ ያስገደደው ማንም እንደሌለ መለሱለት። በእኛ አነጋገር ብንተረጕመው፥ ፈረሱም ይኸው፥ ሜዳውም ይኸው ማለታቸው ነበር።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ይህን መልስ ጠጋ ብለን እንመርምረው። ዳይሬክተሩ፥ ዕውቀትህ ያንሳል አላሉም፤ ቢሉ ኖሮ የኤዲንበርግ ማዕረግ ባፈራቸው ነበር። መንግሥቱ ገንዘብ የለውም አላሉም፤ ለእንግሊዛዊው ሲሆን ገንዘቡ ይገኝ ነበርና። ጥያቄህ ስሕተት ነው ብለውም አላስረዱም። ያሉት፥ ካልተስማማህ ተወው ነው። ይህ ቃል በሁለት እኩል ነጋዴዎች መካከል ሲነገር የገበያ ወግ ነው። አሠሪው አንድ መንግሥት ብቻ በሆነበት፥ ከመንግሥት ኮሌጅ በቀር ለኬሚስት የሚሆን የሥራ ስፍራ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ሲነገር ግን ነፃ ምርጫ መስሎ የቀረበ ግዳጅ ነው። ውሃ በሌለበት በረሃ ላይ የጕድጓዱ ባለቤት፥ ካልፈለግህ አትጠጣ ቢል ምርጫ ሰጠ አይባልም።

ራይ ያለ ሥራ በከረመበት ጊዜ ከወዳጁ ከጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ጋር ይቀመጥ ነበር። ቦስ በኋላ በዓለም የታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ነው። እርሱም ከካምብሪጅና ከለንደን ተምሮ በ1885 በዚያው በፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ሲቀጠር ተመሳሳይ ነገር ገጥሞት ነበር። በጊዜው ልማድ ሕንዳዊው ፕሮፌሶር ከእንግሊዛዊው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይቀበላል፤ የቦስ ሹመት ደግሞ ጊዜያዊ በመሆኑ ይህም በግማሽ ተቀነሰና አንድ ሦስተኛው ብቻ ቀረለት። ቦስ ሥራውን አልተወም፤ ደመወዙን ግን አልቀበልም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይከፈለው በትጋት አስተማረ። በመጨረሻም የበላዮቹ ዋጋውን ተረድተው ሹመቱን ቋሚ አደረጉለት፤ ያለፈውንም ዘመን ደመወዝ ሙሉውን ከፈሉት።

እንግዲህ ሁለት ወዳጆች፥ አንድ ኮሌጅ፥ አንድ በደል፤ መንገዳቸው ግን ሁለት ሆነ። ቦስ ገንዘቡን በመመለስ ተከራከረ። ራይ ግን 250 ሩፒውን ተቀብሎ ሥራውን በማብዛት ተከራከረ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብለን ለመፍረድ አንቸኩል። የቦስ ብልሃት የሚሆነው ያለ ደመወዝ ሦስት ዓመት መክረም ለሚችል ሰው ነው፤ የአባቱ ዕዳ ለከበበው ሰው ግን ይህ በር ጠባብ ነው። የራይ መንገድ ደግሞ ረዥም ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ሥራ ያበዛ ሁሉ ዋጋው አይበዛለትም፤ አንዳንድ ጊዜም ጭነቱን ዝም ብሎ የሚሸከም ሰው የሚያተርፈው ሌላ ጭነት ነው።

ጭነቱ በእውነትም በዛ። መጀመሪያ ማስተማሩ ነበረ፤ ተማሪዎቹ ከዓመት ወደ ዓመት እየበረከቱ ሄዱ። አሮጌው የኬሚስትሪ መመርመሪያ ቤት ጠባብና ጭሱ የማይወጣ ስለ ነበረ አዲስ ላቦራቷር እንዲሠራ ተወሰነ፤ በ1894ም ተከፈተ። ከዚያም ማንም ሳያዝዘው የምርምርን ሥራ በራሱ ላይ ጨመረ። ምርምሩንም የጀመረው የሩቁን ኮከብ በመመልከት ሳይሆን የሕዝቡን ማዕድ በመፈተሽ ነው። በካልኩታ ገበያ የሚሸጠው የተነጠረ ቅቤና የሰናፍጭ ዘይት ከሌላ ቅባት ጋር እየተደባለቀ ይቀርብ ነበር። ደኅናውን ከሐሰተኛው ለመለየት መጀመሪያ ደኅናው ምን እንደሚመስል ማወቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ራይ የላምና የጎሽ ወተት አስመጥቶ ቅቤውን በዐይኑ ፊት አስወጣ፤ ሰናፍጩንም እርሱ ባለበት አስጨመቀ፤ እያንዳንዱንም መረመረ። ይህ ሥራ ወደ ሦስት ዓመት ፈጀበት፤ ውጤቱም በ1894 በቤንጋል የእስያ ማኅበር መጽሔት ታተመ። ቅቤ ሻጭ ሲያታልለው የኖረ ሁሉ ይህ ሥራ የስንት ቤተ ሰብን ጓዳ እንደሚነካ ያውቃል።

ሌላው ሥራው ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቅ ነው። ራይ አንድ ነገር ያስጨንቀው ነበር፤ ኮሌጁ የሚያወጣቸው ወጣቶች ሁሉ ከመንግሥት ቢሮ ደጃፍ በቀር የሚሄዱበት አልነበራቸውም፤ የሕንድ ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት ደግሞ ከባሕር ማዶ በመርከብ ይመጣ ነበር። ስለዚህ በ1892 ወደ 700 ሩፒ በሚሆን ገንዘብ በአንድ የኪራይ ቤት ውስጥ መድኃኒት መቀመም ጀመረ። ቀን በኮሌጅ ያስተምራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ መቀመሚያው ይመለሳል። ከአጥንት የሚገኘውን የመድኃኒት ቅመም ለማውጣት የከብት አጥንት ከሥጋ ሻጮች ገዝቶ በቤቱ ጣራ ላይ ቢያሰጣው፥ ያልታሰበ ዝናብ መጥቶ አጥንቱ ሸተተ፤ ቁራዎችም እያነሡ በጎረቤት ግቢ ይጥሉት ጀመር። ጎረቤቶቹ ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ ሂንዱዎች ነበሩና ከተማውን በጩኸት ሞሉት። አጥንቱን ወደ አንድ የጡብ ማቃጠያ አስወስዶ ሌሊት ቢያስቃጥለው ደግሞ፥ የሰው ሬሳ የሚቃጠል የመሰለው ፖሊስ ደረሰበት። እንዲህ ባለ መከራ የተጀመረው ሥራ በ1901 የቤንጋል ኬሚካልና መድኃኒት ሥራ ኩባንያ ተብሎ ማኅበር ሆነ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ምናልባት ዳይሬክተሩ ሌላም የእንጀራ መንገድ አለ ሲሉ ነገሩን ለመዝጋት ብቻ ተናግረውት ይሆናል፤ ራይ ግን ያን መንገድ ለራሱ ሳይሆን ለወገኖቹ ጠረገው። ከመንግሥት ደመወዝ ሌላ የእንጀራ ምንጭ ባለበት አገር ካልተስማማህ ተወው የሚለው ቃል ጕልበቱን ያጣል። የጕድጓዱን ባለቤት የሚያሳፍረው ሁለተኛ ጕድጓድ መቆፈር ነው።

ከዚህ ጋር የኬሚስትሪ ምርምሩ አልተቋረጠም። በ1895 ባዜቃን ከቀጠነ የናይትሪክ አሲድ ጋር ሲያዋሕድ ያልጠበቃቸው ቢጫ ቅንጣቶች ታዩት። መርምሮም ሜርኩረስ ናይትራይት የተባለ፥ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ነገር መሆኑን አረጋገጠ፤ በ1896 ሲያሳትመውም በአውሮጳ ያሉ የሳይንስ መጽሔቶች ስሙን አነሡ። በ1902ና በ1909 ደግሞ የጥንት ሕንዶችን የኬሚስትሪ ጥበብ ከሳንስክሪት መጻሕፍት ፈልፍሎ በሁለት ክፍል ጻፈ። ከተማሪዎቹም መካከል እንደ ሜግናድ ሳሃና እንደ ሳትዬንድራ ናት ቦስ ያሉ፥ በዓለም ሳይንስ ውስጥ ስማቸው የማይጠፋ ሊቃውንት ወጡ።

ደመወዙስ? አንባቢዎች ይህን መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። ራይ ይህን ሁሉ ሲሠራ ለብዙ ዓመታት በታችኛው ፎቅ እንዳለ ቆየ። እንዲያውም በ1896 የትምህርት አገልግሎት እንደገና ሲደራጅ ልዩነቱ በጽሑፍ ተወሰነ፤ ከእንግሊዝ የሚመጣው አዲስ መምህር በወር 500 ሩፒ ጀምሮ በየዓመቱ 50 እየተጨመረለት 1000 እንዲደርስ ሲደረግ፥ የሕንድ ተወላጅ እንደ ወትሮው በክፍለ አገር አገልግሎት እንዲገባ ሆነ። ከኮሌጅ ገና የወጣ ጐልማሳ ከመርከብ በወረደበት ቀን የሚያገኘው ገንዘብ ዶክቶር ራይ ሥራ ሲጀምር ካገኘው እጥፍ ነበር ማለት ነው። አንዱ ልጅ፥ አንዱ የእንጀራ ልጅ! በዚያው ዓመት በካልኩታ የተሰበሰበው የሕንድ ብሔራዊ ኮንግረስ ይህን ደንብ ተቃወመ። ራይም ቢሆን ጥያቄውን በልቡ ቀብሮ አልተወውም። በ1912 ስለ ሕንድ የመንግሥት ሥራ የሚመረምር፥ በሎርድ ኢስሊንግተን የሚመራ የንጉሥ ኮሚሲዮን ሲቋቋም፥ ስለዚህ ልዩነት ቃሉን ከሰጡት ሰዎች አንዱ ራይ ነበረ። በዚያን ጊዜ የሚናገረው ስለ ራሱ 250 ሩፒ አልነበረም፤ ከኋላው ስለሚመጡት ወጣቶች ነበር። ከለንደን መምህር እየሾሙ መላኩም በ1924 ሌላ ኮሚሲዮን ከሰጠው አሳብ በኋላ ቀረ።

በ1916 ራይ ከፕሬዚደንሲ ኮሌጅ ጡረታ ወጥቶ፥ ሰር አሹቶሽ ሙከርጂ ባቋቋሙት በካልኩታ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ፕሮፌሶር ሆነ። ይህን ወንበር በገንዘባቸው ያቆሙት ታራክናት ፓሊት የሚባሉ የሕግ ሊቅ ሲሆኑ፥ በስጦታቸው ደብዳቤ ውስጥ ወንበሩን የሚይዘው ሰው ሕንዳዊ እንዲሆን ደንግገው ነበር። መንግሥት ባወጣው ደንብ ምክንያት በታችኛው ደረጃ የኖረው ሰው፥ አንድ ወገኑ ባወጣው ደንብ የላይኛውን ወንበር አገኘ። በ1919ም የእንግሊዝ ንጉሥ መንግሥት የሰር ማዕረግ ሰጠው። ክብር ከገንዘብ ይልቅ ለመስጠት እንደሚቀልል ከዚህ እናስተውላለን።

አሁን የታሪኩ ፍሬ ወደሚገኝበት ስፍራ ደርሰናል። በ1921 ራይ ስልሳ ዓመት ሲሞላው ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚከፈለው ደመወዝ ሁሉ ለኬሚስትሪው ክፍል ማደራጃና ለወጣት ተመራማሪዎች መርጃ እንዲውል ሰጠ። እስከ 1936 ድረስ ካገለገለ በኋላ ይህ ስጦታ ወደ 200000 ሩፒ እንደ ደረሰ ተገምቷል። እርሱ ራሱ ሚስት አላገባም፤ በሳይንሱ ኮሌጅ በአንዲት ክፍል ከጥቂት ዕቃና ከብዙ መጽሐፍ ጋር ይኖር ነበር። በ1922 በሰሜን ቤንጋል ጐርፍ በደረሰ ጊዜ የእርዳታውን ሥራ የመራው እርሱ ነው። በ1924 የሕንድ የኬሚስትሪ ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚደንት ሆነ። በሰኔ ወር 1944 በዚያችው ክፍል ውስጥ በ82 ዓመቱ ዐረፈ።

እንግዲህ አንድ አንባቢ ተነሥቶ፥ ይህ ሰው በመጨረሻው ደመወዙን ሁሉ የሰጠ ከሆነ በ1889 ስለ ጥቂት ሩፒ ተራራ የወጣው ለምንድር ነው? ሊል ይችላል። ሌላውም አለቃ ደግሞ ይህን ታሪክ ሰምቶ፥ እነሆ፥ እውነተኛ ሊቅ ገንዘብ አይፈልግም፤ ስለዚህ የእኔም ሠራተኞች ሥራው ቢበዛባቸው ማጕረምረም አይገባቸውም ብሎ ያስብ ይሆናል። ሁለቱም ስተዋል። ሰው ሊሰጥ የሚችለው የራሱ የሆነውን ነው። በ1889 የተጓደለው ደመወዝ ከራይ እጅ ሳይገባ የተወሰደ ነበረ፤ በ1921 የሰጠው ግን በእጁ የገባ፥ መብቱ የታወቀለት፥ ቢፈልግ ሊበላው የሚችል ነበር። የመጀመሪያው ቅሚያ ነው፤ ሁለተኛው ልግስና ነው። ቅሚያን ታግሦ መኖር ልግስና አይባልም፤ ልግስናም ለቅሚያ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ራይ በጐልማሳነቱ የጠየቀውና በሽምግልናው የሰጠው አንድ ዐይነት ልብ ስለ ነበረው ነው፤ በመጀመሪያው የዕውቀትን ክብር ከአለቆች ጠየቀ፤ በሁለተኛው የዕውቀትን ክብር ከራሱ ኪስ ከፈለ።

ከሕንድ መጥተው በትምህርት ቤቶቻችን ብዙ ዘመን ያስተማሩትን መምህራን የምታስታውሱ አንባቢዎች፥ የዚያን ሕዝብ የትምህርት ትጋት ከሩቅ የሰማችሁት ብቻ አይደለም። ስለዚህ ከታሪኩ ሁለት ነገር ብንወስድ መልካም ነው። በሥልጣን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ሠራተኛ ሥራዬ በዝቷል፥ ዋጋዬ ግን ባለበት ቆሟል ብሎ ሲመጣ፥ ካልተስማማህ ተወው ከማለቱ በፊት ሚዛኑን ይመርምር፤ ምክንያቱም ያ ቃል ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሊጻፍ ይችላል፤ የዳርጂሊንጉ መልስ ተጽፎ እንደ ቀረ እነሆ እኛም ዛሬ አነበብነው። የሚያመለክተውም ሠራተኛ ጥያቄውን ሳያፍር ያቅርብ፤ ነገር ግን መልሱ እስኪመጣ ድረስ እጁ አይቦዝን። የቤንጋሉ ኬሚስት አቤቱታውን አቅርቦ ከተራራው በወረደ ጊዜ ይዞ የተመለሰው ቍጣ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ቍጣ ግን ላቦራቷር፥ ፋብሪካና የሊቃውንት ትውልድ አወጣ።